«አቋራጭ» ነው ያላችሁት?

«እንትናን አየሃት? እንዴት ሸንቀጥ ብላለች!»
«አይ፣ ኦፕራሲዮን ሆና ነው እኮ!»

አለቀ። አድናቆቱ እዚያው ላይ ያበቃል። በዳይት ብቻ የቀነሰ ጀግና፣ ሐኪም የነካው አጭበርባሪ! እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

እስቲ ጎበዝ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው «ስሊቭ» የሚባለው ቀዶ ሕክምና የጨጓራን ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ያወጣል። ስፌቱ ሊያፈስ፣ ሊደማም ይችላል። ታካሚው ለሳምንታት ፈሳሽ ብቻ፣ ቀጥሎም የላመ ምግብ ይወስዳል። ቫይታሚኑን ዕድሜ ልኩን ይውጣል። ካልተጠነቀቀ ደግሞ ኪሎው ተመልሶ ይመጣል። ወገን፣ ይህ ዳይት ካልሆነ ምንድን ነው?

«ቢሆንም ረሃቡ ይቀልለታል» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ አንከራከርም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከሚቆረጠው የጨጓራ ክፍል ነው። በዳይት ብቻ የከሳን ሰው ግን ሰውነቱ ራሱ ይታገለዋል። «ዘ ቢገስት ሉዘር» በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ውድድር ላይ የከሱ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንደሚለው፣ ሰውነታቸው በቀን የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። 13ቱ መልሰው ወፍረዋል። ታዲያ 13ቱም ሰነፎች ናቸው?

ስለዚህ ቀለለ እንበል። ቢቀልስ ምን ነውር አለው? ኢንሱሊን የሚወጋን የስኳር ሕመምተኛ «አጭበረበርክ» ያለው ማን ነው? በስዊድን በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሰፊ ጥናት በ2007 ባወጣው ውጤት፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል የሞቱት ካላደረጉት ያነሱ ነበሩ። ጉዳዩ የዕድሜ እንጂ የቁንጅና ውድድር አይደለም።

ሁሉም ሰው ይቆረጥ አላልንም። ያ በታካሚውና በሐኪሙ መካከል የሚያልቅ ነገር ነው። የሚያናድደን ሐሜቱ ነው። ሐሜት የፈራ ሰው ኦፕራሲዮኑን ይደብቃል። የደበቀ ሰው ደግሞ ሰርግ ላይ «በሞቴ!» ተብሎ ሲጎርስ እምቢ የሚልበት ምክንያት ያጣል። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ያስመልሳል፤ አፉን ጠርጎ ፈገግ ብሎ ይመለሳል። እኛም «ምን ለፋ?» እንላለን።

ሌላው ቢቀር ጉርሻውን እንተውለት!