ወርቅ በድንጋይ፣ ፕሮግራመር በደብዳቤ?

አምና ድረስ ዶርም የተጋራነው ጓደኛችን ሰሞኑን ከፒያሳ እግሩን እየጎተተ መጣ። አራት ኪሎ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ የተመረቀ ልጅ ነው። ለቅጥር ሲሄድ ራሱ የጻፋቸውን ሁለት ፕሮግራሞች ላፕቶፑ ላይ ይዞ ነበር። አንዱ ለአንድ ሱቅ የዕቃ መዝገብ የሚይዝ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ቀጣሪው ግን «እስቲ ክፈተው» እንኳ አላለውም። «ከሦስት ቦታ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ» ብሎ ሸኘው። ልጁም በዚያው ማታ እኛ ዘንድ ከች አለ። ለምን እኛ ዘንድ? ደብዳቤ ጻፉልኝ ሊል ነዋ!

እዚህ ላይ ኃጢአታችንን እንናዘዝ። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የግቢው ደብዳቤ ጸሐፊዎች ከሆንን ሰነበትን። አሠራሩን የማያውቅ የለም። ፈራሚው «ሥራ በዝቶብኛል፣ አንተው ጽፈህ አምጣና ልፈርም» ይላል፤ አመልካቹ ወደኛ ይሮጣል፤ እኛም «ታታሪ፣ ቅን፣ በተሰማራበት መስክ የላቀ ችሎታ ያስመሰከረ» እያልን እንቀኝለታለን። አንዲት መስመር ኮድ አንብበን የማናውቅ ሰዎች! ፈራሚው ሥራውን አላየ፣ ጸሐፊው ሥራውን አያውቅ፣ ቀጣሪው ወረቀቱን አያነብ። ታዲያ ይህ የማን ምስክርነት ነው?

ፒያሳ የወርቅ ቤቶች ሰፈር ሆና ነው ያረጀችው። አንድ ሰው ቀለበት ይዞ ወርቅ ቤት ቢገባ ባለሱቁ «ወርቅ ለመሆኑ ከአጎትህ ደብዳቤ አምጣ» ይለዋል እንዴ? ድንጋይ ላይ ፈተግ ያደርገዋል፣ አሲድ ጠብ ያደርግበታል፣ ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል፤ አለቀ። የፕሮግራመርም ሥራ ከዚህ አይለይም። ፕሮግራሙን ማስነሳት፣ መሞከር፣ ኮዱንም ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ለዓለም ሲያቀርብ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ነበር። በዓመቱ አንድሩ ታነንባም የተባሉት ስመ ጥር ፕሮፌሰር፣ እንዲህ ያለ ንድፍ በሳቸው ክፍል ከፍ ያለ ማርክ እንደማያስገኝ በይፋ ጻፉ። ነገሩ በሳቸው ደብዳቤ ቢወሰን ኖሮ ሊኑክስ ቀርቶ ነበር! የሞከሩት ሰዎች ግን ኮዱን እንጂ ፊርማ አልመረመሩም።

«ይህ የተማሪ ቁጭት ነው» ለሚሉን ቁጥር እንካችሁ። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1998 እ.ኤ.አ. የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው፣ የትኛው የቅጥር መመዘኛ የሠራተኛውን ውጤት ቀድሞ እንደሚናገር አሰሉ። 0 ማለት ከንቱ፣ 1 ማለት ፍጹም ነው። ሥራውን ራሱን አሠርቶ መፈተን 0.54 አገኘ፤ የቀድሞ አሠሪን ምስክርነት መጠየቅ 0.26፤ የሥራ ልምድ ዓመት መቁጠር 0.18። በ2022 እነ ሳኬት «ስሌቱ ተጋንኗል» ብለው የመጀመሪያውን ወደ 0.33 አወረዱት፤ ለሁሉም እኩል ጥያቄ የሚቀርብበትን ቃለ መጠይቅ ደግሞ በ0.42 ፊት አስቀመጡት። እነሱም ቢሆኑ ዘውዱን ለደብዳቤ አልደፉለትም።

የገዛ ሕጋችንም ከቀጣሪዎቻችን ይልቅ ልከኛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪ ለሠራተኛው በነጻ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን እንዲገልጽ ያዛል። ሦስት ነገር፣ በቃ። «ወደር የለሽ» የሚለውን ቅጽል የጨመርነው እኛው ነን።

ታዲያ ይህን ያህል የማይረባ ከሆነ ለምን ይጠየቃል? እውነቱን እንነጋገር። ደብዳቤው የሚመልሰው «ምን ትችላለህ?» የሚለውን ሳይሆን «የማን ነህ?» የሚለውን ነው። ድሮ ባለጉዳይ ከመኳንንት ደጅ እየዋለ ስሙን የሚያነሳለት አማላጅ ይጠብቅ ነበር፤ ደጅ ጥናት ይባላል። በ2016 የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ደጅ ጥናት አልፈረሰም፤ ቢሮ ተከራየ እንጂ። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ነውና፣ ዘመድ ያለው የከተማ ልጅ በአንድ ከሰዓት ሦስት ፊርማ ይለቅማል። ከዋድላ የመጣችው የገበሬ ልጅስ ማንን ታምጣ? በሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። ሐሳቡ መልካም ነው። በር ላይ የሚጠብቃቸው ደብዳቤ ጠያቂ ከሆነ ግን አምስት ሚሊዮን አማላጅ ከየት ይመጣል?

«ጠባዩንስ በምን እንወቅ? የደንበኞቻችንን ገንዘብና ምስጢር የምናስነካው ሰው እኮ ነው» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በቡድን ነው የሚጻፈው፤ ስሕተቱን የሚደብቅ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አደጋ ነው። ይህን ግን ደብዳቤ አይነግራችሁም። ስልክ አንሱና አብሮት የሠራውን ሰው ጠይቁ፦ ምን ሠራ? ምን አበላሸ? ሲበላሽ ተናገረ ወይስ ሸሸገ? ዳግመኛ አብረኸው ትሠራለህ ወይ? አብሮት የሠራ ለሌለው ጀማሪ ደግሞ የሁለት ሰዓት ፈተና ስጡት፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ኮድ ማንበብ በሚችል ሰው የሚታረም። ሁለት ሰዓት አልን እንጂ በፈተና ስም የሳምንት ሥራ በነጻ አሠሩ አላልንም!

እኛስ? በቀጣሪ ላይ ብቻ ብንጮህ ግብዝነት ይሆንብናል። ያን ማታ ለጓደኛችን ጻፍንለት። ሦስቱንም። የእንጀራ ጉዳይ ነውና እምቢ ማለት አልሆነልንም። ሥራውን ቢያገኝ ደስታችን ነው፤ የሚቀጠረው ግን የሱ ኮድ ሳይሆን የኛ ቅጽል ነው። ጽፈን ስንጨርስ ያ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ የሱቁን መዝገብ አሳየን። ነገሩ ባይገባንም ሲሠራ አየነው። ከምሽቱ ሁሉ እውነት የነበረችው ያቺ አምስት ደቂቃ ብቻ ናት።

ስለዚህ፣ የዚህ ግቢ ብዕረኞች ሆይ፣ እንስማማ። ያላየነውን ሥራ ከእንግዲህ አናሞግስ። ሌላ ጓደኛ ደብዳቤ ጻፉልኝ ብሎ ሲመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንጻፍለት፤ «ጌታዬ፣ ላፕቶፑን ያስከፍቱት» የምትል።