«ሆድ ይፍጀው» ያልነው ሆዳችንን ሲፈጀው



አማርኛችን ሐዘንንም ንዴትንም የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። የከፋውን ሰው «ሆድ ብሶታል» እንላለን። ያናደደን ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» ይባላል። ያሳዘነን «አንጀቴን በላው» ነው። ጭንቀቱን ለማንም መናገር ያልፈለገ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ሆድና ስሜት አንድ ቤት እንደሚኖሩ ቋንቋችን ከድሮ ጀምሮ ያውቃል።

ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ሲታመም ለምን ይረሳዋል? በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ወጣት በየሰፈሩ አለ። ፋርማሲ ገብቶ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ሲያልቅ ይደግማል። ትንሽ ይሻለዋል፣ መልሶ ያመዋል። «ሌሊት ትተኛለህ ወይ? ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እሱም አይናገርም። በእኛ እምነት ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሆዱን ለብቻው እያከምን ልቡን ለብቻው እንዲታገል ትተነዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ አእምሮ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች እንዲለቀቁ ያዛል። ልብ ይመታል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ የሆድ ሥራ ይስተጓጎላል። ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ ወይም አንጀት ይፈጥንና ተቅማጥ ይሆናል። ይህ ለአጭር ጊዜ አደጋ የተሰጠን ጥበቃ ነው። ጭንቀቱ ግን ለወራትና ለዓመታት ከቀጠለ ጥበቃው ራሱ ሕመም ይሆናል። የሆድ ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ስለሚሆኑ ሌላው ሰው የማይሰማው ትንሽ ጋዝ ለዚህ ሰው ቁርጠት ነው።

መንገዱ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። በሆዳችን ግድግዳ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ቬገስ የተባለው ትልቅ ነርቭ ሆድን ከአእምሮ ያገናኛል፣ አብዛኛው መልእክቱም የሚሄደው ከታች ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሆዱን የሚያመው ሰው ለጭንቀትና ለድባቴ ይጋለጣል፣ ለረጅም ጊዜ በጭንቀትና በድባቴ የቆየ ሰውም ለሆድ ሕመም ይጋለጣል። አንዱ ሌላውን እየመገበ ክብ ይሠራሉ።

«ጨጓራ ከባክቴሪያ ነው የሚመጣው ተብሎ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ይመጣል ይሉ ነበር። አውስትራሊያዊዎቹ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ኤች ፓይሎሪ የተባለችው ባክቴሪያ ዋና ምክንያት መሆኗን አሳዩ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያዋን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አረጋገጠ፣ በ2005ም ሁለቱ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ነገር ግን ባክቴሪያዋን ተሸክመው ምንም የማያማቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ኤንዶስኮፒ ታይተው «ቁስለት የለም» ተብለው ሕመሙ ያልለቀቃቸው አሉ። እነዚህ ሰዎች እያስመሰሉ አይደለም። ሕመማቸው እውነተኛ ነው፣ ምንጩ ግን በሆድና በአእምሮ መካከል ያለው ግንኙነት መዛባቱ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያውንም ጭንቀቱንም እንመርምር እንጂ አንዱን ይዘን ሌላውን አንተው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከዚያም ጀምሮ በንግድ የኖረች ከተማ ናት። የንግድ ኑሮ ዛሬ ተገኝቶ ነገ የሚታጣ ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚጠብቅ አለ፣ የሰው ዕቃ በዱቤ አንስቶ ዕዳ ያደረበት አለ፣ እናትና ታናናሾቹ እጁን የሚያዩት አለ። «እህል ቀምሰሃል?» ሲባል «አልራበኝም» የሚለው ሁሉ ጠግቦ አይደለም።

ብዙዎቻችን ታዲያ መፍትሔውን በርጫ ላይ እንፈልገዋለን። ጫት የሚቅም ሁሉ ይታመማል አንልም። ግን ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የጨጓራን ሥራ ያዘገያል፣ አንጀትን ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናው ሲለቅ ደግሞ ልብ የሚከብድበት ሰዓት ይመጣል። በባዶ ሆድ ቅሞ፣ በለስላሳና በሲጋራ አጅቦ፣ ሌሊቱን አፍጥጦ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ ጨጓራውም ስሜቱም አብረው ቢታመሙ ምን ይገርማል? ራስ ምታቱን ለማስታገስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ጨጓራን በቀጥታ ያቆስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነን ግን ልቡ የከበደው ወጣት ደፍሮ ሲናገር የምንሰጠው መልስ ነው። «ኢማንህ ደክሞ ነው» እንለዋለን። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን የዓይናቸውን ብርሃን እንዳጡ ሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል። ሐዘን አካልን ሲጎዳ ከዚህ በላይ ምን ምሳሌ አለ? ኢማናቸው ደክሞ ነበር የሚል ሙስሊምስ አለ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፣ በሽታ ሲመጣም እንድንታከም አስተምረውናል። በ934 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የአካልንና የነፍስን ጤና በአንድ መጽሐፍ ይዘው፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም እንደሚጎዳ ጽፈዋል። ይህ እውቀት ከውጭ የመጣብን አይደለም፣ የራሳችን ቅርስ ነው። ዱዓና ሶላት ልብን ያሳርፋሉ፣ ሶብርም ትልቅ ምንዳ አለው። ሶብር ማለት ግን ሕክምናን ትቶ መሰቃየት አይደለም።

ምን እናድርግ?

ጨጓራው የሚመላለስበት ሰው በግምት መዋጡን ትቶ ይመርመር። ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን ሆስፒታል፣ ወይም ቅርቡ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ኤች ፓይሎሪ ከተገኘ የታዘዘውን አንቲባዮቲክ እስከ መጨረሻው ይውሰድ፣ ሕመሙ ሲቀንስ አያቋርጥ።

ለሐኪሙ ሆዱን ብቻ አይንገር። እንቅልፉን፣ ስሜቱን፣ የሚቅም ከሆነም ሳያፍር ይንገር። በጤና ሚኒስቴር የወጣውና በ2005 ዓ.ም የጀመረው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያም እንዲሰጥ ያለመ ነበር። ስለዚህ መጠየቅ መብታችን ነው። የንግግር ሕክምና ለሁለቱም ይረዳል፣ ለድባቴ ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹም በአነስተኛ መጠን ለሆድ ሕመም ይታዘዛሉ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ከሰው መሸሽ፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት ከቆየ ድባቴ ሊሆን ይችላልና ይታይ። መሞትን ማሰብ ከመጣ ደግሞ ለነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ይነገር። ደም ማስታወክ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ መጥቆር፣ ያለ ምክንያት መክሳትና ለመዋጥ መቸገርም አስቸኳይ ምልክቶች ናቸው።

ሌሎቻችን ደግሞ እንጠይቅ። በከተማችን «አቦ አትጨነቅ» ማለት ይቀለናል። ከዒሻ በኋላ ወንድማችንን ይዘን «የሚያስጨንቅህ ምንድነው?» ብለን ቁጭ ማለት ግን ብዙ አይወጣብንም። የተነገረ ጭንቀት ግማሹ ይቀላል፣ የተደበቀው ግን ሆድን እየበላ ይኖራል።

አላህ የታመሙትን ይፈውስልን፣ የተጨነቁትን ልብ ያሳርፍልን። አሚን።