የጨለመ ሰሌዳ ይጣላልን?

በሐዋሳ ከተማ ሲመሽ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ የሚያቀና ሰው፣ በየሆቴሉና በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ በቀይ ብርሃን የሚሮጡ ጽሑፎችን ይመለከታል። ከእነዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አንዱ በጨለመ ጊዜ ባለቤቱ «አለቀለት» ብሎ ያወርደውና ሌላ ይገዛል። እኔ ግን ይህን ልማድ እቃወማለሁ።

የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ በሦስት ነገሮች ይሠራል፤ እነርሱም ትንንሾቹ አምፖሎች፣ 220 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ክፍልና አምፖሎቹን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ናቸው። ዝናብ በሣጥኑ ስንጥቅ ሲገባ ወይም የጠፋ መብራት በድንገት ሲመለስ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ሁለቱ የኋለኞቹ ናቸው። አምፖሎቹ ደኅና ሆነው ሳለ ሰሌዳው በሙሉ ይጣላል።

መቆጣጠሪያውን ግን በእጅ ሠርቶ መተካት ይቻላል። እርግጥ ማይክሮኮንትሮለር የሚባለውን ቺፕ በቤቱ የሚሠራ ሰው የለም፤ ቺፑ ይገዛል። በእጅ የሚሠራው ቺፑ የሚበየድበት ገበታና የሚመራበት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ አገር ለተማሪዎች ተብሎ የተጀመረው አርዱኢኖ ይህን ሥራ ለጀማሪዎች አቅልሎታል።

«ታዲያ ፊደላችን ብዙ ነው፤ በዚያች ቁራጭ ቺፕ ይችላልን?» የሚል ቢኖር ሒሳቡን እንሥራ። በገበያ የተለመደው የሰሌዳ ክፍል ቁመቱ 16፣ ወርዱ 32 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ሁለት የአማርኛ ፊደላት ጎን ለጎን ይይዛል። አንዱ ፊደል 256 ነጥብ ይደርሰዋል። ነጥቡ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷልና ፊደሉን ለመመዝገብ 32 ባይት ይበቃል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ሲሆኑ፣ በጠቅላላው 7,392 ባይት ይፈጃሉ። አርዱኢኖ ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ 32 ኪሎባይት ስለሚይዝ፣ ከሀ እስከ ፖ ያለው ገበታ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ዲቃላዎቹ ቢጨመሩም አይጠበውም። የሲዳምኛ ጽሑፍ የሚያስፈልገው የላቲን ፊደልም አብሮ ይገባል፤ ለሐዋሳ ሁለቱም ያስፈልጓታልና።

ሰዓቱስ? ከውጭ የሚመጣው ሰሌዳ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ፕሮግራሙን ራሱ የጻፈ ሰው ግን ስድስት ሰዓት ቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ያሳያል፤ ጳጉሜንም በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ያደርጋታል።

በእጅ የተሠራ ነገር አይታመንም የሚሉ አሉ። ሣጥኑ ውሃ የሚያስገባ፣ ብየዳው የላላ ከሆነ እውነታቸውን ነው። የ220 ቮልቱን ክፍልም ተማሪ ሊነካው አይገባም፤ እርሱ የሠለጠነ ባለሙያ ድርሻ ነው። መቆጣጠሪያውን ብቻ ገዝቶ የሚተካ ቢኖርም አልነቅፈውም፤ ያም ጥገና ነው። የምነቅፈው መጣሉን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። በአሮጌ ብየዳ ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለ መርዛም ብረት በጎርፍ ታጥቦ ሐይቁ ከገባ በዚያው ይቀራል፤ በአሞራ ገደል የሚበላው ዓሣም የሚወጣው ከዚያው ሐይቅ ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው የጨለመበት ነጋዴ ከመጣሉ በፊት በአቅራቢያው ላለ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ቢሰጠው እመርጣለሁ። ተማሪዎቹም መጀመሪያ ሰዓቱን ይጻፉበት፤ ፀሐይ ስትወጣ «ከጧቱ 12 ሰዓት» ብሎ የሚያበራ ሰሌዳ በአደባባይ ለማየት እጓጓለሁ።