እናቱን በመስቀል ፊት ያስማለ ልጅ

አንድን ታሪክ አንብቦ ፍርድ ለመስጠት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ማሰሪያ አንቀጹን መፈለግ ይገባዋል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቃሉን ሁሉ እየተረጐመ ምሥጢሩ በጠፋበት ጊዜ መምህሩ ስለ ቃላቱ ውበት አይነግረውም፤ «አንቀጹ ወዴት አለ፤ ባለቤቱስ ማን ነው» ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ። ባለቤቱን የሳተ ሰው የበደለውን ንጹሕ፤ የተበደለውንም በደለኛ አድርጎ ይፈታልና። በዚህ ዓይነት ያለ ባለቤቱ ከሚፈቱት ታሪኮች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ቶማስ ሃርዲ የጻፈው «የልጁ ክልከላ» የተባለው አጭር ታሪክ ነው። ታሪኩ የአንድ ቤት ጠብ ነው፤ የጠቡም ምክንያት ማዕርግ ነው። ስለዚህም አንባቢው ሁሉ እንደየማዕርጉ ሲፈርድበት ይታያል።

ታሪኩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በለንደን ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች አጫጭር ታሪኮች ጋር በመጽሐፍ ታተመ። ደራሲው በ1840 ዓ.ም. በዶርሴት አውራጃ ተወለደ፤ በ1928 ዓ.ም. ዐረፈ። አባቱ ግንበኛ፤ እናቱም ከማግባቷ በፊት በሰው ቤት ያገለገለች ሴት ነበረች። በ1874 ዓ.ም. ያገባት ሚስቱ ግን ከፍ ያለ ማዕርግ ያለው ካህን የወንድም ልጅ ነበረች። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ገረድና ስለ ካህን ቤት ሲጽፍ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም ያውቀው ነበር ማለት ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ሶፊ የምትባል የባላገር ልጅ በጌይሚድ መንደር በደብሩ ካህን በትዊኮት ቤት ታገለግል ነበር። የካህኑ ሚስት ሞታ ሰውየው ያለ ልጅ ብቻውን ቀረ። ታሞ በተኛ ጊዜ ሶፊ ስታስታምመው ሳለ ምግብ እንደ ያዘች ከደረጃ ላይ ወደቀችና እግሯ ለዘወትር ተጐዳ። ቆማ መሥራት ስላልቻለች ልሂድ ብትለው ካህኑ ከቤቱ እንዳትወጣ ብሎ ለሚስትነት ጠየቃት። የነበራት ስሜት ከፍቅር ይልቅ አክብሮት ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰው እንቢ ለማለት አልደፈረችም። እርሱም ገረዱን ማግባቱ በጨዋ ሰዎች ዘንድ እንደሚያስነቅፈው ዐውቆ ደብሩን በለንደን ከተማ ደቡብ ባለ ደብር ለወጠና ማንም ወደማያውቃቸው ስፍራ ይዟት ሄደ። ወንድ ልጃቸው ራንዶልፍ የጌቶች ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ገባ።

ካህኑ ሲሞት ሶፊ በአንድ ረዥም መንገድ ዳር ባለ ቤት ተቀመጠች። ሌሊት ሌሊት አትክልት የጫኑ ጋሪዎች ወደ ኮቨንት ጋርደን ገበያ በደጇ ያልፉ ነበር። ከጋሪዎቹም በአንዱ ላይ ሳም ሆብሰንን አየችው፤ ይህ ሰው በመንደሯ ሳለች ሊያገባት የጠየቃት አትክልተኛ ነበር። ሳም አሁንም ጠየቃት፤ በትውልድ መንደራቸው አጠገብ በአልድብሪካም ከተማ የአትክልትና የፍራፍሬ ሱቅ ይዘው አብረው እንዲኖሩ አሰበ። እርስዋም ወደደች፤ ነገር ግን ለልጄ ሳልነግር አይሆንም አለች። ልጁ የእንጀራ አባት የሚሆነው ሰው ጨዋ አለመሆኑን በሰማ ጊዜ በጌቶች ፊት መዋረዱ ነው ብሎ አለቀሰ፤ ከለከላትም። ዓመታት አለፉ፤ እርሱ ኦክስፎርድ ገባ፤ እርስዋም ደግማ ደጋግማ ለመነችው። በመጨረሻ በመኝታ ቤቱ ለግል ጸሎቱ ካቆመው ትንሽ መስቀል ፊት አንበረከካትና ያለ እርሱ ፈቃድ ሳምን እንዳታገባ አስማላት። ከዚያም እርሱ ክህነት ተቀበለ፤ እርስዋ ግን ከሳም ጋር ለመኖር ለምን እንደተከለከለች ለራሷ እየጠየቀች በቤቷ ውስጥ ኖራ ሞተች።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ፤ በዚህ ታሪክ ላይ ሦስት ዓይነት አፈታት ይሰማልና።

የመጀመሪያዎቹ ፈቺዎች ለልጁ ጠበቃ የሚቆሙት ናቸው። «ልጁ የአባቱን ስም ጠበቀ፤ ካህን ሊሆን የተዘጋጀ ሰው እናቱ የጐመን ነጋዴ ሚስት ብትሆን ክብሩ ይቀንሳል» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የአባቱን ስም ሲጠሩ የአባቱን ሥራ ረስተዋል። ትዊኮት ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ዳግመኛ ያገባ ሰው ነው፤ ያገባትም ከገዛ ቤቱ ገረዶች መካከል መርጦ ነው። ራንዶልፍ የተወለደው ከሁለተኛ ጋብቻ፤ ያውም ማዕርጉ ካልተካከለ ጋብቻ ነው። እንግዲህ ልጁ በእናቱ ላይ የዘጋው በር እርሱ ራሱ ወደዚህ ዓለም የገባበትን በር ነው። ያን ጊዜ ከትዊኮት ዘመዶች አንዱ ተነሥቶ እንዲህ ያለውን ክልከላ ቢያደርግ ኖሮ የሚከለክል ራንዶልፍም ባልተገኘ ነበር።

በዚህ ስፍራ ከአንባቢዎች መካከል አንድ ነገር የሚከብዳቸው አይጠፉም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካህን ሚስቱ ብትሞትበት ሁለተኛ አያገባም፤ ቢያገባ ከክህነቱ ይሻራል። ነገር ግን ትዊኮት የሚዳኘው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ያ ሥርዓት ደግሞ ይህን አይከለክልበትም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር ነው። ሰውየው ቀኖናው ሳይከለክለው ጎረቤቱን ፈርቶ ደብሩን ለቀቀ። የሶፊ ጉዳይ ግን በየትኛውም ወገን ሥርዓት ቢመዘን ቀላል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ ባሏ የሞተባት ሴት የወደደችውን በጌታ ልታገባ ነጻ መሆንዋን ያስተምራል። ለአባቱ ሲሆን ያልታሰበው ነውር ለእናቱ ሲሆን የታሰበው ከየትኛው ሕግ ተገኝቶ ነው?

ልጁ ለአባቱ ስም ዕዳ እንዳለበት ተናግሯል፤ ዕዳ መኖሩስ እውነት ነው። አባቱ ሶፊን ከወጥ ቤት አውጥቶ በማዕዱ አስቀመጣት፤ ነገር ግን ከሚያውቋት ሰዎች ሸሸጋት። ሕፃኑ በዚያ ቤት ሲያድግ እናቱ የምትሸሸግ ነገር መሆንዋን ማንም ሳይነግረው ተማረ። በታሪኩ መግቢያ ላይ ልጁ ገና የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፤ በሚገፋ ወንበር የተቀመጠችውን እናቱን ስለ አንድ አንቀጽ ስሕተት፤ ነጠላውን በብዙ በመናገሯ፤ ትዕግሥት በሌለው ድምፅ ሲያርማት ይታያል። ሰዋስው መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የእናቱን አንቀጽ ያረመው ልጅ ኋላ የራሱን አንቀጽ የሚያርምለት አላገኘም።

ሁለተኞቹ ፈቺዎች ነገሩን ሁሉ በሶፊ ላይ ይጥሉታል። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «ምላለችና መጠበቅ ይገባታል፤ ስለ ጠበቀችም ትመሰገናለች» ሲሉ፤ ሌሎቹ «ደካማ ሴት ናት፤ መሐላውን አፍርሳ ማግባት ነበረባት» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው፤ «ማለች» የሚለውን የታሪኩ ማሰሪያ አድርገው ሶፊን ባለቤት አድርገዋታልና። የታሪኩ ማሰሪያ «አስማለ» የሚለው ነው። በግእዝ መሐለ ሌላ፤ አምሐለ ሌላ መሆኑን ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። የአምሐለ ባለቤት ልጁ ነው፤ እናቲቱ ተሳቢ ናት።

ስለዚህ መሐላን ስለ መጠበቅ የዮፍታሔን ወይም የሄሮድስን ነገር ከማንሣት የሳኦልን ነገር ማንሣት ይቀርባል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ14ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ ሳኦል በሰልፍ ቀን ሕዝቡ እህል እንዳይቀምሱ አስማለ። ዮናታን መሐላውን ሳይሰማ ማር ቀመሰና ሊሞት ተፈረደበት፤ ሕዝቡ ግን ተነሥተው አዳኑት። መጽሐፍ በዚያ ስፍራ የተራበውን ሕዝብ ነቅፎ ያስማለውን ንጉሥ አላመሰገነም። ለሶፊ የጐደላት እንደዚያ ያለ ሕዝብ ነው። በዙሪያዋ ተነሥቶ ለልጁ እንቢ የሚለው ሰው አልነበረም፤ አባቱ ከሚያውቋት ሰዎች መካከል አውጥቷታልና።

የመሐላውም ቃል ራሱ መመርመር አለበት። ሶፊ ፈጽሞ አላገባም ብላ አልማለችም፤ ያለ ልጄ ፈቃድ አላገባም ብላ ነው እንጂ። እንዲህ ያለው መሐላ አንዱን አስሮ ቁልፉን በሌላው እጅ ያኖራል። እርስዋ ልትፈታው አትችልም፤ እርሱ ግን በየትኛውም ሰዓት በአንድ ቃል ሊፈታው ይችል ነበር። ስለዚህ ራንዶልፍ የከለከለው አንድ ቀን ብቻ በመስቀሉ ፊት አይደለም። ከዚያ ወዲህ በነጋ ቍጥር ከልክሏል። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ቍርባን በሚለው ቃል ተጠልለው ለወላጆቻቸው የሚገባውን የሚያስቀሩትን ሰዎች ገሥጿቸዋል። ራንዶልፍም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለእናቱ የሚገባትን ዕረፍት ነፍጎ በላዩ የእግዚአብሔርን ስም አኖረበት።

ሦስተኞቹ ፈቺዎች «ይህ ታሪክ የካህናት ጠላት የጻፈው ነው፤ በተማሮች እጅ ሊገባ አይገባም» የሚሉት ናቸው። ክፉ ካህን የተጻፈበት መጽሐፍ ሁሉ ይቅር ከተባለ አስቀድሞ መጽሐፈ ሳሙኤልን መዝጋት ይሆናል፤ የካህኑ የዔሊ ልጆች ሥራ ምንም ሳይሸፈን ተጽፎበታልና። ደግሞም በታሪኩ ውስጥ የተከሰሰው መስቀሉ አይደለም። መስቀሉ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሶፊ ያለ ፈቃዱ ለክፉ ሥራ የቀረበ ምስክር ነው። መስቀልን የሚያከብር አንባቢ በዚህ ስፍራ ቢቈጣ ቍጣው ተገቢ ነው፤ ግን ቍጣውን ከደራሲው ላይ አንሥቶ ባስማለው ልጅ ላይ ያድርገው።

ለልጁ ሊባል የሚገባውን ደግሞ መደበቅ ፍርድን ማጣመም ይሆናል። የልጁ ፍርሃት ከንቱ ሕልም አልነበረም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሰው በአነጋገሩ፤ በልብሱና በዘመዶቹ ይለይ ነበር። ሶፊ ራሷ በሎርድስ ሜዳ ከልጇ ጋር የተማሪዎችን የክሪኬት ጨዋታ ለማየት ሄዳ፤ ያን ሁሉ ሠረገላና ያን ሁሉ የጌቶች ጉባኤ ባየች ጊዜ ልትነግረው ያሰበችውን ነገር ለሌላ ቀን አስተላልፋዋለች። እናቲቱ የፈራችውን ሕፃኑ ቢፈራው አይደንቅም። የመጀመሪያው ቀን ዕንባ የሕፃን ዕንባ ነውና ይቅር ይባላል። ነገር ግን ከዚያ ቀን እስከ መሐላው ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ሕፃኑም ወንጌል የተማረ ሰው ሆኗል። ሶፊ በመሐላው የተስማማችው ልጇ ክህነት ተቀብሎ ሥራውን ሲጀምር ልቡ ይራራል ብላ ነው፤ ደራሲው ግን ትምህርቱ ርኅራኄውን ገፍቶ እንዳወጣበት ይናገራል። በሕፃኑ የሚፈርድ ሁሉ ምሕረት ያድርግ፤ በካህኑ የሚፈርድ ግን የተማረውን ይጠይቀው።

ይልቁንም ካህን ማለት ምን እንደ ሆነ ለሚያውቁ አንባቢዎች የታሪኩ ወርቅ እዚህ ላይ ነው። ክህነት የማሠርና የመፍታት ሥልጣን ነው። ራንዶልፍ ይህን ሥልጣን ሳይቀበል እናቱን አሠረ፤ ከተቀበለ በኋላ ግን ለሌላው ሕዝብ ሁሉ እየጸለየ እናቱን ሳይፈታ ቀረ። ይህ የእንግሊዞች ነገር ብቻ ነው የሚል ካለ በየመንደሩ በርስትና በጋብቻ ጠብ ስንት ግዝት እንደ ወረደ፤ ስንት እናት «በመስቀሉ» ተብላ ዝም እንዳለች ሽማግሌዎችን ይጠይቅ። ያሠረው ሰው ሳይፈታ ቢሞት ወይም የታሠረው ሳይፈታ ቢሞት ዕዳው በማን ላይ እንደሚቀር ለካህናት ማስተማር አያስፈልግም።

በታሪኩ መጨረሻ የሶፊ አስከሬን ከባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ትውልድ መንደሯ ሲሄድ በአልድብሪካም ከተማ ያልፋል። ከከተማው ታላቅ በሆነው የፍራፍሬ ሱቅ ደጃፍ ሳም ጥቍር ለብሶ ቆሟል፤ ሱቁንም በከፊል ዘግቶታል። ወጣቱ ካህን ከለቅሶው ሠረገላ ውስጥ ሆኖ ፊቱን አጥቍሮ ይመለከተዋል። ባል ሊሆን ያልተፈቀደለት ሰው የባልን ሐዘን አዘነ፤ ልጁ ግን በእናቱ ቀብር ቀን እንኳ የሚጠብቀው ያንኑ ክልከላውን ነበር። እንዲህ ያለ ግዝት ወይም መሐላ በቤቱ ያኖረ ሰው ቢኖር እናቱ በሕይወት ሳለች ሄዶ ይፍታት።