በሰው ስም መኖር፦ ከዴም ባንካክ እስከ አሜሪካ ክሬዲት ካርድ

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ስልካቸውን ይዘው መጡና «ቲቸር፣ እስቲ ይህን ስማልኝ» አሉኝ። ዴም እያለን ቡና ሲሸጡ ነው የማውቃቸው። ልጃቸው አሜሪካ የገባችው የሪሴትልመንት ፕሮሰስ በጃንዋሪ 2025 ከመቆሙ በፊት ነው። የድምፅ መልእክቷ አጭር ናት፦ አጎቷ ክሬዲት ካርዱ ላይ ስሟን ሊያስገባላት ይፈልጋል፣ «እማ፣ እሺ ልበል?» ትላለች። እናትየው የፈሩት ዕዳን ነው።

ፍርሃታቸው ይገባኛል። ዴም ውስጥ ስንቶቻችን በሰው ስም ኖረናል! ሲም ካርዱ በሱዳናዊ ስም፣ የቤት ኪራዩ ቀድሞ በመጣ ሐበሻ ስም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ጠፋና ነገሩ ሁሉ በባንካክ ሆነ። የካርቱም ባንክ የስልክ አፕ ነው፤ አካውንት የሌለው ስደተኛ የሌላ ሰው አካውንት መለመን ነበረበት። ዘመድ የላከው ገንዘብ በጎረቤት ወይም በባለሱቅ ቁጥር ይገባል፣ ባለአካውንቱ የራሱን ቆርጦ የቀረውን ይሰጥሃል። እኔም እንዲህ ስቀበል ቆይቼ አንድ ጊዜ የአካውንቱ ባለቤት ከካርቱም ሸሽቶ ስልኩ ተዘጋ፣ ገንዘቡም እዚያው ቀረ። ሌባ ነው አልልም፣ እሱም ነፍሱን ነው ያተረፈው። ግን ገንዘቡ የእኔ እንደሆነ የሚናገር አንድ ወረቀት አልነበረኝም።

የአሜሪካውም በሰው ስም መጠቀም ነው፣ ልዩነቱ መጻፉ ላይ ነው። ኦተራይዝድ ዩዘር ይሉታል፤ የካርዱ ባለቤት ሳይሆን በካርዱ እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሰው ማለት ነው። ለባንኩ ዕዳውን የመክፈል ግዴታ ያለበት ባለቤቱ ነው። ልጅቷ ብትገዛበትም የሚጠየቀው አጎቷ ስለሆነ፣ ዕዳ መፍራት ያለበት እሱ ነው።

ታዲያ እሷ ምን ታገኛለች? እዚያ አገር ኢኪውፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች የሰዉን የብድር ታሪክ ይመዘግባሉ። ከመዝገቡ ነጥብ ይወጣል፤ የተለመደው የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው። ቤት አከራይ ያየዋል፣ ለመኪና የሚያበድር ያየዋል። አዲስ የገባ ስደተኛ መዝገቡ መጥፎ አይደለም፣ ባዶ ነው፤ ባዶ መዝገብ ደግሞ ቤት ለመከራየትም ያስቸግራል። ባንኩ ስሟን ሪፖርት ካደረገ የአጎቷ ካርድ በእሷም መዝገብ ላይ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ካርዱ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለው ታሪክ ይመጣላታል። ካርዱን በእጇ ባትይዘው እንኳ።

ክፋቱም አብሮ ይመጣል። አጎትየው ክፍያ ከ30 ቀን በላይ ቢያሳልፍ፣ ወይም 1000 ዶላር ገደብ ካለው ካርድ 900ውን አውጥቶ ቢቀመጥ፣ እሷ አንድ ሳንቲም ሳትነካ ነጥቧ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እሺ ከማለቷ በፊት ትጠይቀው፦ በወቅቱ ትከፍላለህ ወይ? አሁን ካርዱ ላይ ስንት አለ? ባንክህስ የተጨማሪ ተጠቃሚን ስም ሪፖርት ያደርጋል? ሁሉም አያደርግም። በእኛ ባህል አጎትን እንዲህ መመርመር ነውር እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ነገሩ ቢበላሽም ስሟ ከካርዱ እንዲወጣ መጠየቅ ትችላለች። እኔ የባንካኩ ሰውዬ ስልክ ሲዘጋ ማንን ልጠይቅ ነበር?

በዚህ ነገር የሚነግዱም አሉ። ጥሩ ታሪክ ያለው ካርድ ላይ የማያውቁትን ሰው ስም በገንዘብ ማስገባት እየበዛ ሲመጣ፣ ፋይኮ በ2007 የተጨማሪ ተጠቃሚን ታሪክ ጨርሶ ላለመቁጠር አስቦ ነበር። በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ መቁጠሩን ቀጠለ፣ ለተሸጠ ስም ግን ብዙ ዋጋ እንዳይሰጥ ቀመሩን አስተካከለ። እናንተም ካምፕ ቁጭ ብላችሁ «ከአሁኑ ክሬዲት እናዘጋጅላችኋለን» ለሚላችሁ አንድ ፓውንድ እንዳትከፍሉ። መዝገቡ በአብዛኛው የሚያያዘው እዚያ ከገቡ በኋላ ከሚገኝ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ጋር ነው።

በእኔ ግምት ከአጎቷ ካርድ የሚበልጥ አንድ ነገር በእጇ አለ፤ የአውሮፕላን ቲኬቱ ብድር። አይኦኤም ለሪሴትልመንት ተጓዦች ያለ ወለድ የሚያበድረው ነው፣ መክፈል የሚጀመረውም ከገቡ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። አከፋፈሉ ለእነዚያው መዝጋቢ ድርጅቶች ሪፖርት ይደረጋል። ብዙ ሰው «የዕርዳታ ገንዘብ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል» ብሎ ይተወዋል፣ እዚያው ላይ መዝገቡ ይበላሻል። በየወሩ ከከፈለችው ግን ታሪኩ የራሷ ነው፣ በራሷ ስም።

ይህ የእሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሩ ከተዘጋ ወዲህ እዚህ የቀረነውን የሚያስታውሱን ቀድመው የገቡት ናቸው። እሷ በውድ ወለድ ተበድራ መኪና ከገዛች ለእናቷ የምትልከው ያንሳል።

እናትየው ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን አፋቸው ላይ አስጠግተው «መጀመሪያ የቲኬቱን ክፈይ። አጎትሽንም ጠይቂው፣ እኔ አለሁ» ብለው ላኩላት። መልሷን ገና አልሰማንም፣ ኔትወርክ ከትናንት ጀምሮ የለም።