ክፍት የዘር ድንበር፦ ኦክ ከቅልቅል ያገኘው ብርታት

የጄኔቫው አልፎንስ ደ ካንዶል በዘመኑ ኦክ የተባለውን ዛፍ አብዝተው ከመረመሩ የእፅዋት ሊቃውንት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣው ጥናት ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎችን ዘረዘረ፤ ከነዚህም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ጊዜያዊ እንጂ የተረጋገጠ ዝርያ እንዳልሆነ አልሸሸገም። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ እንኳ የቅጠሉና የፍሬው መልክ ሲለያይ አይቷልና። ቻርልስ ዳርዊን ይህን ምስክርነት «የዝርያዎች አመጣጥ» በተባለው መጽሐፉ ኋለኛ እትሞች ውስጥ አስገባው። ዝርያ ከጥንት ተከልሎ የተሰጠ ነገር አይደለም ለሚለው ክርክሩ ኦክ ሁነኛ ማስረጃ ሆነለት። የእፅዋት ስም ለሚያወጡት ሰዎች ግን ዛፉ ከዚያ ወዲህም ራስ ምታት ሆኖ ቆየ።

ራስ ምታቱን ያመጣው የሊቃውንቱ ጥያቄ ይመስለኛል። ዝርያ ማለት ከሌላው ጋር የማይዳቀል፣ ዘሩን በአጥር ያጠረ ፍጡር ነው ብለን ከተነሣን ኦክ አጥሩን እየዘለለ ሁልጊዜ ያስቸግረናል። የዘረመል ጥናት ባለፉት 30 ዓመታት ያወጣው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ መደምደሚያ ይወስደኛል። የኦክ ድንበር ክፍት መሆኑ፣ ዛፉ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ እንዲህ ሊንሰራፋ ከቻለባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ኦክን እንጠብቃለን ብሎ የዘር ጥራትን ብቸኛ መለኪያ ማድረግ፣ ዛፉን በሕይወት ካቆየው ነገር መነጠል ነው።

ዛሬ ወደ 430 የሚደርሱ የኦክ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ሜክሲኮ ብቻዋን 160 ገደማ፣ ቻይና 100 ያህል አሏቸው። አፍሪካ ውስጥ የሚበቅለው በሰሜኑ ጫፍ፣ እንደ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ባሉ አገሮች ነው፤ ከሰሐራ በታች አገር በቀል ኦክ የለም። ለኛ አንባቢ ምናልባት ቅርብ የሚሆነው በኬብሮን አጠገብ የአብርሃም ዛፍ እየተባለ ሲከበር የኖረው ጥንታዊ ዛፍ ነው፤ እሱም ከዚሁ ወገን ነው። እስካሁን ከተገኙት የኦክ ምልክቶች እጅግ ጥንታዊው በኦስትሪያ፣ ሳልዝበርግ አጠገብ የተገኘ የአበባ ብናኝ ቅሪት ሲሆን ዕድሜው ወደ 56 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ስለ ቅልቅሉ ብዙ የተማርነው ከአውሮፓ ደኖች ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ነጭ ኦክ ጎን ለጎን ይበቅላል። አንዱ ፍሬውን በረጅም ዘንግ ላይ ያንጠለጥላል፤ ርጥብና ከባድ አፈር አይከፋውም። የሌላው ፍሬ ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት ይስማማዋል። ባለዘንጉና ዘንግ አልባው ልበላቸው። ረሚ ፔቲ፣ አንትዋን ክሬመርና ከብዙ አገሮች የተሰባሰቡ ባልደረቦቻቸው ከ2,600 በላይ ከሚሆኑ የአውሮፓ ነጭ ኦክ ሥፍራዎች ናሙና ሰብስበው የክሎሮፕላስቱን (በቅጠሉ ሕዋስ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ክፍል) ዲኤንኤ መረመሩ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። የኦክ ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ እርሾ ከእናት ቤት ወደ ልጅ ቤት እንደሚሄድ። ብናኙ በነፋስ ርቆ ቢበርም ክሎሮፕላስቱን ይዞ አይሄድም። ስለዚህ የክሎሮፕላስቱን ዓይነት የተከተለ ሰው ፍሬው የተጓዘበትን መንገድ ይከተላል።

ሁለቱ ዝርያዎች እውነት የታጠሩ ቢሆኑ ኖሮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የእናት መስመር ይዘው መገኘት ነበረባቸው። የተገኘው ሌላ ነው። በአንድ ደን ውስጥ ያሉ ባለዘንግና ዘንግ አልባ ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ክሎሮፕላስት ይጋራሉ፤ በሩቅ አገር ያለው የገዛ ዝርያቸው ግን የተለየ ይይዛል። የእናት መስመራቸው ከዝርያቸው ይልቅ የመጡበትን መንገድ ይናገራል። መንገዱም የሚጀምረው በበረዶው ዘመን ኦክ ከተጠለለባቸው ሦስት የደቡብ ሥፍራዎች ነው፦ ከስፔንና ፖርቱጋል ምድር፣ ከኢጣሊያ እና ከባልካን።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ አለ። የኦክ ፍሬ ከባድ ስለሆነ ከእናቱ ጥላ ሥር ይወድቃል። እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ክሌመንት ሪድ እ.ኤ.አ. በ1899 እንደገመተው፣ ዛፉ ያለ ማንም እርዳታ ቢጓዝ ሰሜን ብሪታንያ ለመድረስ አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበት ነበር። በረዶው ካፈገፈገ ወዲህ ግን ያለፈው ከ20,000 ዓመት አይበልጥም። መልሱን በከፊል ጄይ የተባለ የቁራ ዘመድ ወፍ ይሰጣል። ይህ ወፍ በየመኸሩ በሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ከዛፉ አርቆ ይቀብራል፤ ሳይበላ የቀረው ይበቅላል። ሌላው የመልሱ ከፊል ግን ከመዳቀል የመጣ ነው፤ እኔን አጥብቆ የሚስበኝም እሱ ነው።

ፔቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። ባዶ መሬት የማይፈራው ባለዘንጉ ኦክ ቀድሞ ይሄዳል። ዘንግ አልባው ከኋላ ቀርቶ ብናኙን በነፋስ ይልካል፤ የባለዘንጉ እናት ዛፍም ትቀበለዋለች። የሚወለደው ድቅል ዛፍ በሚቀጥለው ትውልድ እንደገና የዘንግ አልባውን ብናኝ ያገኛል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ከትውልዶች በኋላ ባለዘንግ በነበረበት ቦታ ዘንግ አልባ ዛፍ ይቆማል፤ ክሎሮፕላስቱ ብቻ የጥንቷን እናት ይመሰክራል። አንድ ዝርያ አንድም ፍሬ ሳይልክ አዲስ አገር ገባ ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ እየተዳቀሉ ለምን አንድ ሆነው አልቀሩም? በከፊል ብናኝና እናት ሁልጊዜ ስለማይግባቡ ነው። የቀረውን ሥራ የሚሠራው አፈሩና ውሃው ይመስለኛል። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ የባለዘንጉን ጠባይ የያዘ ችግኝ ያድጋል፤ በደረቁ ተዳፋት ሌላው። የሥነ ሕይወት ሊቁ ሊ ቫን ቫለን እ.ኤ.አ. በ1976 ኦክን ምሳሌ አድርጎ ዝርያን በኑሮው ሥፍራ እንበይነው ያለው ለዚህ ነበር። በርግጥ ክፍትነቱ ልክ አለው፤ ቀይ ኦክ የሚባሉት ከነጮቹ ጋር አይዳቀሉም። ተመራማሪዋ ጃኒን ካቨንደር ባሬስ በፍሎሪዳ ባደረገችው ጥናትም በአንድ ሥፍራ አብረው የሚኖሩት ኦኮች ብዙውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ሳይሆኑ ከተለያየ የዘር ሐረግ የመጡ ሆነው ተገኝተዋል።

ቅልቅሉ ለዛፉ ምን ጠቀመው? ቲቦ ለርዋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ዘንግ አልባውን ኦክ በተለያየ አየር ንብረት መረመሩ። ከባለዘንጉ የተወሰደው ዘረመል በብዛት የተገኘው በቀዝቃዛና በርጥብ ቦታዎች በሚኖሩት ዛፎች ላይ ነው። ተፈጥሯዊ ምርጫ ከጎረቤት የመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ለቦታው የሚበጀውን መርጦ አስቀረ።

በዚህ ላይ የዛፉን ረጅም ዕድሜ ጨምሩበት። በስዊዘርላንድ፣ በሎዛን ዩኒቨርሲቲ ግቢ የበቀለውን ናፖሊዮን የተባለ ኦክ እንውሰድ። ናሙናው ሲወሰድ ዕድሜው 234 ዓመት ነበር። ተመራማሪዎች ከታችኛውና ከላይኛው ቅርንጫፍ ቅጠል ወስደው ዲኤንኤውን ሲያነጻጽሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳስታወቁት፣ ያረጋገጡት ለውጥ 17 ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ከራሱ አካል አዲስ ለውጥ እስኪመነጭ ቢጠብቅ ጊዜ ይቀድመዋል። በጎረቤቱ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመት ተፈትኖ ያለፈ ዘረመል ግን በአንድ ጸደይ ብናኝ ሊደርሰው ይችላል። በፈረንሳይ ደኖች 340፣ 170 እና 60 ዓመት ገደማ የሆናቸው ኦኮች ተነጻጽረው፣ ትንሹ የበረዶ ዘመን የሚባለው የቅዝቃዜ ወቅት ካለፈ ወዲህ የዘረመል ስብጥራቸው በጥቂት ትውልድ መለወጡ ታይቷል። ዘገምተኛ ነው የምንለው ዛፍ ምርጫው ከበዛለት አይዘገይም።

በቺካጎ አጠገብ የሚገኘው የሞርተን አርቦሬተም ተመራማሪ አንድሩ ሂፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለምን ኦክ የዘር ሐረግ ሲስሉ ያገኙትም ይህንኑ የቅልቅል ታሪክ ያጠናክራል። የዘር ሐረጉን ብቻውን የሚነግር አንድም የጂኖም ክፍል አላገኙም፤ እዚህ የሚነበበው ዝምድና እዚያ አይደገምም። በኔ ዕይታ የዛፉ ማንነት ያለው በዚሁ ድርብርብ ታሪክ ውስጥ ነው።

ጠንካራ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኦክ ቀይ መዝገብ 113 ዝርያዎች ለመጥፋት እንደተጋለጡ ያሳያል፤ ቻይና 36፣ ሜክሲኮ 32፣ ቬትናም 20፣ አሜሪካ 16። ጥቂት ግንዶች ብቻ የቀሩት ዝርያ በብዙ ጎረቤቶች ብናኝ ሊዋጥ ይችላል። በቴክሳስ በረሃ የሚገኘው ሂንክሊ ኦክ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተዳቀለ መሆኑም ታውቋል። ችግሩን የሚያባብሰው ፍሬው ነው። የኦክ ፍሬ ከደረቀ ይሞታል፤ እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ አድርቆ በጂን ባንክ ማኖር አይቻልም። ስለዚህ ብርቅዬዎቹ የሚጠበቁት በእፅዋት ማዕከላት ውስጥ በቁማቸው ነው። በዚያም ከተለያየ አገር የመጡ ኦኮች ተጎራብተው ስለሚተከሉ ከግቢው የተለቀመው ፍሬ ብዙ ጊዜ ድቅል ይሆናል።

እንዲህ ላለው ብርቅዬ ዛፍ ብናኙን መቆጣጠር ግድ ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ሰው ያጎራበታቸው የሩቅ እንግዶች ቅልቅል ሌላ፣ በገዛ ምድራቸው ለብዙ ሺህ ዓመት የተጎራበቱት ቅልቅል ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ድቅል የተገኘበትን ደን ሁሉ «የተበከለ» ብሎ ከጥበቃ ማውጣት ስህተት ነው።

ምድር እየሞቀች በመሆኗ ስህተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ አሁን ከፍ ብሏል። በካሊፎርኒያ ቪክቶሪያ ሶርክና ባልደረቦቿ የሸለቆ ኦክ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ከግዛቱ ልዩ ልዩ ቦታ ሰብስበው በሁለት የሙከራ ማሳዎች አበቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ውጤት መሠረት ዛፉ ዛሬ ካለበት ይልቅ በቀዘቀዘ አየር የተሻለ ያድጋል፤ ከሙቀቱ ኋላ መቅረቱ ገና ከበረዶው ዘመን ማብቂያ የጀመረ ነው። ችግኞቹ ግን እኩል አልነበሩም። ዘረመላቸው ሙቀትን እንደሚችል የተገመተውን መርጦ መትከል የወደፊቱን የእድገት መቀነስ ሊያቃልል እንደሚችል አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ምርጫ የሚኖረው ልዩ ልዩው ዘረመል በደኑ ውስጥ ካለ ነው፤ የጥበቃው ገንዘብና ሕግ መጀመሪያ መድረስ ያለበትም ዝርያዎች ተገናኝተው ብናኝ በሚለዋወጡባቸው ድንበርተኛ ደኖች ላይ ነው።