የነሐሴ ነቢያት ግንቦት ላይ የት ይደበቃሉ?

ኧረ ጎበዝ፣ አንድ ጠያቂ ይጥፋ? በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይጀመራል። አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ገና አደይ አበባው ሳይጠወልግ፣ ሬዲዮ ላይ የተቀመጠው ተንታኝም ማኪያቶውን የያዘው የሰፈራችን አዋቂም ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። እገሌ ዋንጫውን በልቷል፣ እገሌ ወርዷል፣ የእገሌ አሠልጣኝ ይባረር! ድንገት ከላይ የተቀመጠ ትንሽ ቡድን ካለማ «አጋጣሚ ነው፤ ሁለት ሳምንት ጠብቁት፣ ይተነፍሳል» ይባላል። ይህን ሁሉ ሲናገር የሚፈርም የለም። ግንቦት ሲመጣም የሚጠየቅ የለም። ባልተጠየቁ ቁጥር ደግሞ ድምፃቸው እየጎላ ሄደ።

እንግዲህ ዛሬ እኔ ልጠይቃቸው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሊጉ የእነሱ ነውና።)

2015ን እናስታውስ። ማንቸስተር ሲቲ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። 11 ጎል አገባ፣ አንድም አልገባበትም። ያኔ እኔ በምቀመጥበት ዲኤስቲቪ ቤት «ሊጉ አለቀ፣ ዋንጫውን ስጧቸውና እንገላገል» ያላለ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ዌስትሃም እዚያው ሜዳቸው ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 ረታቸው። ይኸው ዌስትሃም ቀደም ብሎ አርሰናልን በሜዳው 2 ለ 0፣ ሊቨርፑልን አንፊልድ ላይ 3 ለ 0 አሸንፎ ነበር። ሦስት ትልልቅ ቤቶችን በየደጃቸው! ነቢያቱ ግን «አጋጣሚ» አሉት። እሺ አንዱ አጋጣሚ ይሁን፤ ሁለተኛውስ? ሦስተኛውስ? ዌስትሃም የውድድር ዘመኑን 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫው በመስከረም የተሰጠው ሲቲ ደግሞ 4ኛ፣ ያውም ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ልዩነት በልጦ።

ዋንጫውን ማን ወሰደ? ስሙን ስትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ያኔም ተስቆበታል። ሌስተር ሲቲ። አምና በገና ሰሞን የሊጉ ግርጌ የነበረ፣ ከዘጠኝ የመጨረሻ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፎ በመከራ 14ኛ ሆኖ የተረፈ ቡድን። አሠልጣኙ ክላውዲዮ ራኒዬሪ የግሪክን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በፋሮ ደሴቶች ተሸንፎ የተባረረ ነበር። አጥቂው ቫርዲ ከፍሊትውድ ታውን በ1 ሚሊዮን ፓውንድ የመጣ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው። የእንግሊዝ አቋማሪዎች አንድ ፓውንድ ላስያዘ 5,000 ሊከፍሉ የወሰኑት ገንዘብ ተርፏቸው አይደለም፤ አይሆንም ብለው ነው። ሆነ። በ81 ነጥብ፣ ሁለተኛውን አርሰናል በ10 ነጥብ ጥሎ። (ለአርሰናል ወንድሞቼ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፦ ሌስተር በዓመቱ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው፣ ሁለቱን ጊዜ ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ። ሻምፒዮኑን ደርሶ መልስ አሸንፎ ሁለተኛ መሆን የእናንተ ብቻ ጥበብ ነው።)

በዚያው ዓመት የአምናው ሻምፒዮን ቼልሲ ምን ሆነ? ታኅሣሥ ላይ በሌስተር 2 ለ 1 ሲረታ ከ16 ጨዋታ ዘጠኙን ተሸንፎ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሞሪኒዮ ተሰናበተ። ነሐሴ ላይ ቼልሲ ሲንገዳገድ «ይስተካከላል» ያለው አፍ፣ ሌስተር ሲያሸንፍ «ይተነፍሳል» ያለው ያው አፍ ነው። ልብ በሉልኝ! ሀብታሙ ሲወድቅ አደናቀፈው ይባላል፣ ድኻው ሲያሸንፍ ቀናው ይባላል። ሁለቱም ያለ ሥራ ሆነ ማለት ነው? የእኔ ጥል ከዚህች ላይ ነው።

አሁን «ሃል ሲቲስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጠብቄው ነበር፤ ነቢያቱ ሁሌ የሚመዙት ካርታ ነው። እውነት ነው፣ 2008 ላይ ሃል ሲቲ ገና ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት አርሰናልን በኤምሬትስ 2 ለ 1፣ ቶተንሃምን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ከዘጠኝ ጨዋታ 20 ነጥብ ይዞ ከመሪዎቹ ጋር እኩል ቆመ። ከዚያ ተንሸራተተ። በፈረንጆቹ ገና ማግስት በማንቸስተር ሲቲ 4 ለ 0 ሲመራ አሠልጣኙ ፊል ብራውን ተጫዋቾቹን በዕረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል አላስገባም ብሎ ሜዳው ላይ፣ በደጋፊው ፊት፣ እንደ ተማሪ አስቀምጦ ተቆጣቸው። ከመጨረሻዎቹ 22 ጨዋታዎች ያሸነፉት አንድ ብቻ ነው። «አየህ፣ አላልንም?» ይሉኛል።

ቆይ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሃል የጨረሰው በ35 ነጥብ 17ኛ ሆኖ ነው። ኒውካስል በ34 ነጥብ ወረደ። እንግዲህ ያ «አጋጣሚ» የተባለው የመጀመሪያ ዘጠኝ ጨዋታ 20 ነጥብ ባይኖር፣ በቀሪዎቹ 29 ጨዋታዎች የተለቀሙት 15 ነጥቦች ሃልን የት ያደርሱት ነበር? በጊዜ ያስገቡት እህል ነው ክረምቱን ያሻገራቸው። አንዲት ነጥብ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ኮ በጎል ልዩነት ነበር የሚለያዩት! ይህን አጋጣሚ የሚል ሰው ጎተራ አይቶ አያውቅም።

ደግሞስ ምክንያቱ ምን ምሥጢር አለው? ትልልቆቹ ክረምቱን አሜሪካና እስያ ሲዞሩ፣ ገንዘብ ሲለቅሙ ነው የሚከርሙት። ተጫዋቾቻቸው ከብሔራዊ ቡድን ዘግይተው ይመለሳሉ። የዝውውር መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። ትንሹ ቡድን ግን ቀድሞ ተሰባስቦ ሮጧል፣ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ አዲስ ያደገ ከሆነ ደግሞ አጨዋወቱን ማንም አላጠናውም። ኋላ ጉዳት ሲበዛ፣ ተጠባባቂ ወንበሩ ሲሳሳ፣ ጥር ላይ ትልልቆቹ ኪሳቸውን ሲከፍቱ ይደክማል። የሚያሸንፈው ገንዘቡ ነው፤ ያ ግን የነሐሴውን ሥራ ውሸት አያደርገውም።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። 2021 ላይ የእኅቴ ልጅ፣ በቀን ሥራ የሚያድር ልጅ፣ ሬዲዮ ላይ «አርሰናልን ዝጉበት» ሲባል ሰምቶ ከቤቲንግ ቤት ቲኬት ቆረጠ። በመክፈቻው ዓርብ ማታ ብሬንትፎርድ፣ ከ1947 ወዲህ በትልቁ ሊግ ሜዳ ረግጦ የማያውቅ ቡድን፣ 2 ለ 0 ገረፈው። አርሰናል ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ፣ አንድ ጎል ሳያገባ፣ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ያው ድምፅ ዞሮ «አርሰናል አለቀለት፣ ዘንድሮ ወራጅ ነው» አለ። ልጁም ዞረ። በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1፣ አርሰናል ኖርዊችን 1 ለ 0 አሸነፈ። ሁለተኛዋም ቲኬት ተቀደደች። ወራጅ የተባለው አርሰናል 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ አጋጣሚ የተባለው ብሬንትፎርድ 13ኛ ሆኖ በሊጉ ቆየ። አንድ አፍ፣ ሁለት ትንቢት፣ ሁለቱም ውሸት፤ ከፋዩ ግን የእኅቴ ልጅ። «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ያጠኑ ናቸው» ይለኛል እስከ ዛሬ!

ሀብታሞቹ ራሳቸው ግን ከነቢያቱ ይልቅ ያውቃሉ። ያልተጠበቀ ውጤት አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራዋል? በሚያዝያ 2021፣ ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ያሉባቸው 12 ሀብታሞች ማንም ከውስጡ የማያወርዳቸው የራሳቸውን ሱፐር ሊግ አቋቋምን አሉ። ደጋፊው አደባባይ ወጣ፤ ስድስቱም በሁለት ቀን ውስጥ ጭራቸውን ቆልፈው ተመለሱ። አንድ ወር ሳይሞላ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሆነው ቼልሲ ለኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ ቀረበ። 1 ለ 0 ተሸነፈ። በማን? በሌስተር!

ስለዚህ ነቢያቱን አንድ ነገር እለምናለሁ። የሚቀጥለው ሊግ በተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት ትንቢታችሁን በወረቀት ጻፉ፣ ፈርሙበት፣ ለእኔ ስጡኝ። ግንቦት ላይ እዚያው ዲኤስቲቪ ቤት፣ የእኅቴ ልጅ ባለበት፣ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የማኪያቶውን ሒሳብ እኔ እከፍላለሁ።